ከፈተና የሮጠው ድኩላ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያላችሁ ጆሯችሁን አቁሙ፣ የሌላችሁም ከጎረቤት ተዋሱ። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ ድንጋይ ሳይቀር በሰፈር ጉዳይ አስተያየት በሚሰጥበት ዘመን።

በዚያ ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር፣ አንዲት ምንጭ ነበረች። ከምንጯ ዳር ደግሞ አንድ ነብር ነበር። ፍየል ልትጠጣ ወረደች፣ አልተመለሰችም። ጥንቸል ሊጠጣ ወረደ፣ አልተመለሰም። ሚዳቋ ልትጠጣ ወረደች፣ እሷም አልተመለሰችም።

እንስሳቱ ተሰብስበው መከሩ። "ልጆቻችን የሚበሉት መሮጥ ስለማያውቁ ነው፤ ሩጫ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንክፈት" ተባባሉ። እስከዚህ ድረስ ማንም አላጠፋም።

"ርዕሰ መምህሩ ማን ይሁን?" ሲባል ጉሬዛን መረጡ። ምን ያውቃል ብሎ የጠየቀ የለም። ከእናቱ ሆድ ጥቁርና ነጭ ካባ ለብሶ የወጣ እሱ ብቻ ነበርና።

"የሩጫ መምህርስ?" ሲባል ኤሊን መረጡ።

"ኤሊ እኮ ሮጣ አታውቅም" አለች አንዲት ቆቅ።

"ለዚህ እኮ ነው የመረጥናት" አለ ጉሬዛ። "የሚሮጥማ ለማስረዳት መች ይቆማል?"



"ፈታኝስ?" ሲባል ነገሩ ከበደ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ጉሬዛ ካባውን አስተካክሎ ተነሳ። "ሩጫን ከሚሮጠው ይልቅ አሳዳጁ ያውቀዋል። ነብርን እንለምነው" አለ። ሽማግሌ ላኩ። ነብር መጀመሪያ ሲለመን እንቢ አለ። ሁለተኛ ሲለመን አሰበበት። ሦስተኛ ሲለመን አንገቱን ደፋና፣ "እሺ፤ ለትምህርት ስል ነው። ደመወዝም አልፈልግም" አለ። ሽማግሌዎቹ በደግነቱ አለቀሱ።

ቀጥሎ ሕግ ወጣ። ያልተማረ እየወረደ እንዳይበላ፣ ምንጯ በእሾህ ታጠረች፤ የእሾህ በርም ተበጀላት። ከትምህርት ቤቱ የተመረቀ ሁሉ ቀይ ክር ይሰጠዋል፤ ቀንድ ያለው ቀንዱ ላይ፣ ቀንድ የሌለው ጆሮው ላይ ያስራል። ክር ያሰረ ከነእናቱ ገብቶ ይጠጣል። ክር የሌለው ጤዛ ይልሳል።

ከተማሪዎቹ መካከል አንድ ድኩላ ነበር። እናቱ አርጅታ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏታል፤ ጤዛ ለመላስ ጎንበስ ማለት እንኳ ይቸግራታል። "ልጄ፣ ቶሎ ተመረቅና ከምንጯ አጠጣኝ" ትለዋለች። ድኩላም በልቡ የያዘው ይህንኑ ነው፤ ቀይ ክር ማሰር፣ እናቱን ውሃ ማጠጣት። ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

ዓመቱን ሙሉ መምህርት ኤሊ አስተማረች። ሩጫ ምንድን ነው? የሩጫ ዓይነቶች ስንት ናቸው? የሩጫ ጥቅምና ጉዳቱስ? ድኩላ አንድ ቀን እግሩን አነሳ።

"መምህርት፣ የምንሮጠው መቼ ነው?"

"እሱ በትምህርቱ ውስጥ የለም" አለች ኤሊ። "ግቢ ውስጥ መሮጥ ደግሞ ክልክል ነው።"

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ብቻውን ወደ ኮረብታው እየወጣ ይሮጥ ጀመር። ከግቢው ሾላ ላይ የተንጠለጠለ አንድ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ደወል እሱ ነው። በዚያ አገር መኪና ታይቶ አያውቅም፤ ቸርኬው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀም የለም። ይህ ቸርኬ ድኩላን ባየው ቁጥር ይገስጸዋል።

"አንተ ስድ፣ እኔ ሳልደወል ማን ሩጥ አለህ?"

"እግሬ ነው" ይላል ድኩላ።

"እግር አያዝም። እኔ ነኝ የማዝ።"

የፈተናው ቀን ደረሰ። ቸርኬው ተደወለ። ፈተናው በነብሩ ዋሻ ውስጥ፣ አንድ በአንድ እየተገባ ነበር። መጀመሪያ የእትዬ ፍየል ልጅ ተጠራች። የኤሊን ትምህርት ከነሳሏ በቃሏ የያዘች ጎበዝ ናት። ገባች። ከውስጥ ድምጿ ተሰማ። "ሩጫ ማለት ሁለቱ የፊት እግሮች..." ከዚያ ዝም።

ጉሬዛ ጆሮውን ወደ ዋሻው አዘነበለና "በአጭሩ መለሰች" አለ።

ቀጥሎ ጥንቸል ገባ። "ሩጫ ማለት..." ከዚያ ዝም።

"ይሄ ደግሞ ከእሷም አሳጠረው" አለ ጉሬዛ፤ ደስ አለው።

ሦስተኛው ድኩላ ነበር። ሲገባ ነብሩ ጋደም ብሎ አፉን በመዳፉ ይጠርጋል።

"ና ልጄ፣ አትፍራ። ሩጫ ምንድን ነው?"

ድኩላ መልሱን ያውቃል። ሊናገር አፉን ከፈተ።

"ቀረብ በል። ጆሮዬ ትንሽ ይከብደዋል" አለ ነብሩ፤ እጁንም ዘረጋ።

ድኩላ መሬቱን አየ። የጥንቸል ጆሮ ብቻውን፣ ያለ ጥንቸል፣ ተቀምጧል። ያኔ ሩጫ ምን እንደሆነ መመለሱን ተወና ሮጠ። ከዋሻው ወጣ፣ በጉሬዛ ካባ ላይ ዘለለ፣ ሾላውን አለፈ፣ ኮረብታውን ያዘ።

"ወዴት ነው? ፈተናው እኮ አላለቀም" አለ ጉሬዛ።

መምህርት ኤሊ አንገቷን አስግጋ አየችውና አዘነች። "ተመልከቱ የኋላ እግሩን። እኔ እንዲህ ብዬ አላስተማርኩትም።"

በማግስቱ ውጤት ተነበበ። "የእትዬ ፍየል ልጅ፣ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቃለች።" እልል ተባለ። "ጥንቸል፣ በማዕረግ ተመርቋል።" እልል ተባለ። "ድኩላ፣ ፈተና ጥሎ የጠፋ። ወድቋል።" ዝም ተባለ።

እትዬ ፍየል ክሩን ልትቀበል ወጣች። "ልጄስ የት ነች?" ብላ ጠየቀች።

"ከእኔ ጋር ነች" አለ ነብሩ፣ ሆዱን እያሻሸ። "በጣም ተዋህደናል።"

ድኩላ አቤት ሊል መጀመሪያ ወደ ኤሊ ሄደ። "መምህርት፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ከነብር እንድናመልጥ አልነበረም? እኔ አመለጥኩ።"

"የተጠየቅኸው ስለ ሩጫ ነው" አለች ኤሊ። "ሩጥ ያለህ የለም።"

ወደ ጉሬዛ ሄደ። "ጌታዬ፣ የገቡት እኮ አልወጡም።"

"ሥነ ሥርዓት ማለት ያ ነው" አለ ጉሬዛ። "ደግሞም ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ ምንጯ ዳር የተበላ አለ? አንድ እንኳ የለም።"

እውነቱን ነው። ነብሩ ምንጯን ትቶ ዋሻው ውስጥ ቁጭ ካለ ሰንብቷል።

በመጨረሻ ወደ ነብሩ ሄደ፤ ከማዶው ኮረብታ ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ አመለከተ። ነብሩ በትህትና አዳመጠው። "ድጋሚ ፈተና እሰጥሃለሁ። ለአንተ ስል ቁርሴን ሳልበላ እጠብቅሃለሁ" አለው።

ድኩላ ቤቱ ገባ። እናቱ ፊቷን አዞረችበት።

"የእትዬ ፍየልን ልጅ ክር አየሁት" አለች። "ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቤቱን አብርቶታል። የእኔ ልጅ ግን ይኸው ሳር ይግጣል።"

"እማዬ፣ ልጇ እኮ ሞታለች።"

"ቢሆንም ተመርቃለች።"

በጋው ጠና። ጤዛው ጠፋ። የእናቱ ምላስ ደርቆ ከላንቃዋ ጋር ተጣበቀ፤ መውቀሱንም ተወችው። ድኩላን ያስደነገጠው ይሄኛው ነው። አንድ ቀን በቀትር ተነሳና እትዬ ፍየል ቤት ሄደ።

"እትዬ፣ ክሩን ያውሱኝ።"

"የልጄን ላብ?" አለች እትዬ ፍየል። "አንተ ፈተና ጥለህ የሮጥኸው?"

"አዎ፣ እኔው።"

እትዬ ፍየል ክሩን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው። ከእግሩ ጀምራ እስከ ቀንዱ፣ አንድ ሳይጎድል እንዳለ ነው።

"ስትገባ ከዋሻው ደጅ ነበርህ" አለች። "እንዲያው፣ የሰማኸው ነገር አለ?"

"'ሩጫ ማለት ሁለቱ የፊት እግሮች' ስትል ሰምቻታለሁ።"

"ትክክል ነበር?"

"ትክክል ነበር፣ እትዬ። አንድ ቃል አልሳተችም።"

እትዬ ፍየል ተነሳች። ከዚያ ክሩን ከግድግዳው አወረደችና በገዛ አፏ ቀንዱ ላይ አሰረችለት።

ድኩላ እናቱን ደግፎ፣ እትዬ ፍየልን አስከትሎ ወደ ምንጯ ወረደ። የሰፈሩ ሁሉ እናት ጥማት አላስቀምጥ ብሏት ከኋላ ተከተለች። የእሾህ በሩ ተቆጣ።

"ክር?"

"ይኸው።"

"የማን ክር ነው?"

"የእትዬ ፍየል ልጅ ክር ነው።"

"ፍየል ትመስያለሽ?" አለ በሩ፤ ከዚያ መለስ አለ። "ተዪው፤ እኔ የማየው ክር ነው፣ ፊት አላይም። ይህቺ ማናት?"

"እናቴ ናት" አለ ድኩላ፣ አሮጊቷን ድኩላ አስገብቶ።

"ይህቺኛዋስ?"

"እናቴ ናት" አለ፣ እትዬ ፍየልን አስገብቶ። እትዬ ፍየል ቆም አለች፤ እንባዋ ወረደ፤ ከዚያ ገባች።

"ያቺ ጥንቸልስ?"

"እሷም እናቴ ናት።"

"እናት አላነሰሽም" አለ በሩ። "እለፉ።"

ጠጡ። አሮጊቷ ድኩላ ጉልበቷ ስላልታጠፈ ልጇ ገፋ አድርጎ ውሃው ውስጥ አቆማት፤ ውሃው እስከ አፏ ደረሰላት። ስትጠግብ ቀና አለችና ቀንዱ ላይ ያለውን ክር እንደ አዲስ አየችው። 

ወሬው ጉሬዛ ጋ ደረሰ። የመጀመሪያዋ ምሩቅ ከነእናቶቿ ጠጣች ተባለ። ትልቅ በዓል ተደገሰ። ድኩላን መሃል ላይ አቆሙት። ጉሬዛ ክሩን እያየ ጠየቀ።

"የእትዬ ፍየል ልጅ አንቺ ነሽ?"

ድኩላ ይህን ቀን ሲመኝ ነበር የኖረው። አገሩ ሁሉ ተሰብስቧል። "እኔ ድኩላ ነኝ፤ ስለሮጥኩ ጣላችሁኝ፤ ይኸው በሕይወት አለሁ" የሚለው ንግግር በሆዱ ውስጥ ተሰልፎ ቆሟል። አፉን ከፈተ። ግን እናቶቹን አየ፤ ከንፈራቸው ገና አልደረቀም። ይህን ቢናገር ክሩ ይነጠቃል፣ በሩ ይዘጋል።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ።

ነብሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። "ይህ እኮ..." ብሎ ጀመረና አቆመ። ይህ ፍየሏ አይደለም ካለ፣ ከአንተ ጋር ያለችውን አምጣት ይሉታል። ተመልሶ ተቀመጠና አጨበጨበ። መምህርት ኤሊ ተሸለመች።

በቀጣዩ ዓመት የተማሪው ቁጥር እጥፍ ሆነ። ከፈተናው በፊት ልጆቹ ከታዋቂዋ ምሩቅ ምክር ይስሙ ተባለና ድኩላን ጠሩት። የወደቀው ድኩላ ቢሆን ማንም አይሰማውም ነበር። የእትዬ ፍየል ልጅ ስለሆነ ግን ሁሉም አፉን ከፍቶ አዳመጠው።

"ነብሩ እጁን ሲዘረጋ ትክክለኛው መልስ አንድ ነው" አላቸው። "አትናገሩት፤ በእግራችሁ መልሱት።"

የመጀመሪያው ገባ፤ እየሮጠ ወጣ። ሁለተኛዋ ገባች፤ እየሮጠች ወጣች። ሦስተኛው ከበሩ ላይ ዞረ። እስከ ማታ ድረስ ዋሻው ባዶውን ቀረ። ጉሬዛ ካባውን አጥልቆ ወጣና በሐዘን ድምፅ ውጤቱን አነበበ። ሁሉም ወድቀዋል። በአገሩ ታሪክ እንዲህ ያለ ክፉ ዓመት አልታየም፤ የትምህርት ጥራት ሞተ ተብሎ ድንኳን ተጣለ። ነብሩ ከሲታ ሆኖ "ትውልዱ ተበላሽቷል" አለና ሥራውን ለቀቀ፤ ሌላ አገር ከፍተኛ ትምህርት ቤት ክፈትልን ብሎ ጠርቶት ሄደ። የወደቁት ልጆች ደግሞ ሐዘኑን ሊደርሱ ወደ ድንኳኑ ሲያልፉ፣ ከነእናታቸው በአንዲት ክር እየገቡ ጠጥተው ነበር።

የድኩላን ነገር ከጠየቃችሁኝ፣ ስሙ ከወደቁት መካከል እንዳለ ነው። የሚያርመው አልተገኘም፤ አሁን አርማችሁም አታስደስቱትም። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ለምን እንደተከፈተ የረሳ ትምህርት ቤት የተበላውን ይመርቃል፣ ያመለጠውን ይጥላል። ተረቴ ደክሟታል፣ እዚህ ትቀመጥ። እናንተ ግን እግር ስላላችሁ ተነሱ።