የመርዶ ነጋሪው ዜና

አንድ መርዶ ነጋሪ ነበረ፤ ስሙ ድንበሩ። መርዶ ሲያረዳ ከልስላሴው የተነሳ፣ አንዲት ሴት የባሏን መሞት ሰምታ ሳትጨርስ ተዝካሩ ደረሰ ይባላል። እኔ እንኳ የሰማሁት ሙት ዓመቱም አልፎ ነበር ሲባል ነው፤ ለማመን እንዳይከብዳችሁ ቀነስኩላችሁ።

የአገሩ ንጉሥ ዝናውን ሰምቶ፣ «እንዲህ ያለ አንደበት ለቤተ መንግሥት ነው የሚገባው» አለና የወሬ ነጋሪዎች አለቃ አድርጎ ሾመው።

ከከተማው በላይ ግድብ ነበረ። ከግድቡ በታች ሜዳው ላይ የአገሩ የዓመት እህል የተከማቸበት ጎተራ ቆሟል። አንድ ቀን የግድቡ ጠባቂ ድንበሩን አስጠርቶ፣ «ግድቡ ተሰንጥቋል። እህሉ አሁኑኑ ካልወጣ አገር ይራባል። ሩጥና ለንጉሡ ንገር» አለው።

ድንበሩ ሮጠ። አሯሯጡስ አይወራም፤ ጥላው ደክሞት መንገድ ላይ አርፎ ነው የደረሰው። አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ግን እርምጃውን ገታ። ነጠላውን አስተካከለ፤ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

«ጃንሆይ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና። ምነው፣ ምን ሆነ?»

«ኧረ ምንም። ምሳ ቀምሰዋል?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ትንሽ ይቅመሱ። መቼም ሰው ሆኖ የማይደርስበት የለም።»

ይህን ስትሰማ ንግሥቲቱ ደረቷን መታች። «ወንዳፍራሽ ነው፤ ወንድሜ ሞቷል» አለች። ወጥ ሠሪዋ «እናቴ ናት የሞተችው» ብላ ማማሰያዋን ጣለች። የፈረሶቹ አዛዥ ለታመመች በቅሎው አለቀሰ። ንጉሡ ለማን እንደሚያለቅስ ግራ ቢገባው ለሁሉም በየተራ አለቀሰ። ድንበሩም ያን ሁሉ እንባ ሲያይ ዞረበት። «ለካ እኔ ሳልሰማ የሞተ ሰው አለ» ብሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠና አብሮ ያነባ ጀመር። ድንኳን ተተከለ። ንፍሮ ተቀቀለ።

ንፍሮው ታድሎ ሲያልቅ ወንዳፍራሽ እስከ ወገቡ ረጥቦ ገባ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«እርስዎ ነዎት» አለው ንፍሮ አዳዩ።

«ልሞትማ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ግድቡ ፈርሷል፤ ጎተራው ከነእህሉ ሄደ። አይጦቹ ክዳኑ ላይ ተሳፍረው ሲወርዱ ተሰናብቻቸው ነው የመጣሁት።»

ንጉሡ ቀስ ብሎ ወደ ድንበሩ ዞረ። «አውቀህ ነበር?»

«አውቄ ነበር ጃንሆይ። ልብዎን ላዘጋጅ ብዬ ነው።»

«ልቤንስ አዘጋጀኸው። እህሉን የሚያወጣው ግን እግሬ ነበር። ለእግሬ ምን ነገርከው?»

በሕይወት ላለ ሰው የታደለው ያ ንፍሮ የአገሩ የመጨረሻ እህል ሆነ።

ዜና የምትጽፉ ልጆቼ፣ መርዶ ለልብ ነው፤ ዜና ግን ለእግር ነው። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በማን ላይ እንደደረሰ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ማማሩና ታሪኩ ቆይቶ ይደርሳል፤ ውሃው ግን አይቆይላችሁም። ስም ሳትጠሩ «አንድ ነገር ደርሷል» ብቻ ካላችሁ ደግሞ አንባቢው ሁሉ የየራሱን ሰው ይቀብራል።

የምታነቡትም ብትሆኑ ሳይገባችሁ ድንኳን አትትከሉ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ዛሬ ጠዋት አንብባችሁ ለጎረቤት ያቀበላችሁት ዜና፣ ለመሆኑ ምን ሆነ ነበር የሚለው?