ከውሃው ጋር የሄደው ጉባኤ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ ደግሞ ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ከባሕር ማዶ፣ ካንጋሮ በሚዘልበት አገር፣ አንድ ትልቅ ኩሬ ነበረ። እንስሳቱ በየማለዳው ዳሩ ላይ ተቀምጠው ይመክራሉ። አለቃቸው ንስር፣ ወሬ ለፋፊያቸው በቀቀን ነው።

አንድ ቀን ኤሊ ተነሥታ፣ "ጌቶቼ፣ ዳር ዳሩን ስዞር የምውለው እኔ ነኝ፤ ኩሬው እየደረቀ ነው" አለች።

ንስር ሳቀ። "ይኸው ውሃው እግራችን ሥር አይደል? ይልቅ ትንሽ ጠጋ በሉ፤ እዚህ አቧራ በዝቷል።" ሁሉም ወደ ውሃው ጠጋ አለ።

በቀቀንም ከላያቸው እየበረረ፣ "ኤሊ ደረቀ ትላለች፣ ጌታችን ንስር አልደረቀም ይላሉ! እኔ ለማንም አላደላም፤ ሁለቱንም እኩል እለፍፋለሁ!" አለ።

ካንጋሮዋ ግራ ገባት። ኤሊን ስትሰማ ትደነግጣለች፤ ቁልቁል ስታይ ውሃው እዚያው እግሯ ሥር ነው። "እኔስ እንጃ፤ ክርክሩ ይለይለትና የረታውን አምናለሁ" እያለች በየማለዳው ከጉባኤው ጋር ጠጋ ትላለች።

ጠጋ ጠጋ ሲሉ ኩሬው መሃል ደረሱ። ካንጋሮዋ ልትጠጣ ብታጎነብስ አፏን ጭቃ ሞላው። ቀና ስትል ንስርና በቀቀን ጎን ለጎን ሆነው ወደ ሌላ ውሃ ይበራሉ። ኤሊ ደግሞ ብቻዋን መንገድ ጀምራለች።

ካንጋሮዋ ጭቃውን እየተፋች ወደ ሰማይ ጮኸች፦ "ኧረ ቆዩ እንጂ! ክርክሩን ማን ረታ?"

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ ሳይሆን በውሃ አብሱልኝ፣ ከተረፈ።