የአያ ጅቦ ሰፊው ማጨጃ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ፣ ያ ሆዳሙ፣ አንዲት ትንሽዬ አሮጌ ትራክተር ነበረችው። አንበሳ ደግሞ «የግጦሽ ሜዳዬን ለኅዳር ሚካኤል አጭዶ ላደረሰልኝ የሠንጋ ሻኛ እሰጠዋለሁ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ሻኛ ሲባል አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

ለትራክተሯ የሣር ማጨጃ ሊመርጥ ወደ ቀበሮ ሱቅ ገሰገሰ። ዕቃ ተሸካሚዋ እመት አህያም ተከተለችው። በሩ ላይ ሁለት ማጨጃ ተደግፏል፤ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ እንደ አውራ ጎዳና የሰፋ።

«አያ ጅቦ፣ ጠባቡን ይውሰዱ» አለች አህያ ፈራ ተባ እያለች። «ትራክተርዎ አቅሟ ትንሽ ነው፤ ሰፊውን አትችለውም።»

«ዝም በይ! ሰፊው ቶሎ ይጨርሳል። ሻኛው እስኪያልቅ ልጠብቅልሽ?»

«እውነትዎን ነው ጌታው!» አለ ቀበሮ ጭራውን እየቆላ። ሰፊው ማጨጃ ገዢ አጥቶ ሦስት ክረምት ዝጎበታል። «ለእርስዎ ዓይነቱ ባለግርማ ጠባብ ነውር ነው!»

ጅቦ ሰፊውን ገዝቶ ወሰደ። አህያ ግን ጠባቡን በውሰት ለምና ጀርባዋ ላይ ጫነች።

በማግስቱ ሰፊው ከትራክተሯ ኋላ ታሰረ። ጅቦ ማንሻውን ሳብ ሲያደርግ ማጨጃው መነሣቱ ቀርቶ የትራክተሯ የፊት ጎማዎች ሽቅብ ተነሡ!

«ኧረ ያዙኝ!» አለ ጅቦ ሰማይ ሰማይ እያየ።

«ፊቷ ላይ ክብደት ያስፈልጋል» አለች አህያ።

«ከእኔ የሚከብድ ማን አለ?» ብሎ ቦርጩን ይዞ የትራክተሯ አፍንጫ ላይ ጉብ አለ። አህያ መሪውን ያዘች። ጎማዎቹስ መሬት ነኩ፤ ሞተሩ ግን ሰፊውን ስለት ማዞር አቅቶት ሁለቴ አሳለና ቀጥ አለ።

አህያ ሰፊውን ፈታ ጠባቡን አሰረች። ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰች ፀሐይ ሳትጠልቅ ሜዳውን ጨረሰችው። ጅቦ ጥላ ሥር ተጋድሞ ሻኛውን በሐሳቡ ይቆርጣል።

አንበሳ ሻኛውን ይዞ መጣ። «ማን አጨደው?»

«ትራክተሯ የእኔ ናት!» አለ ጅቦ ዘሎ እየቀረበ።

«ማን አጨደው ነው ያልኩት!»

ጅቦ አንገቱን ደፍቶ በአፍንጫው ወደ አህያ ጠቆመ።

«እመት አህያ፣ እንግዲህ ሻኛው ያንቺ ነው።»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ሻኛ ምን ያደርግልኛል? ሣሩን ይስጡኝ።»

«ሣሩን ውሰጂ። ሻኛውንማ እኔው እበላዋለሁ» አለና አንበሳ እዚያው ጅቦ ፊት ገመጠው።

አያ ጅቦ ምርር ብሎ አለቀሰ። ሰፊውን ማጨጃ እንዳይመልስ ቀበሮ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ በሩን ዘግቷል፤ ትራክተሯም አትሸከመው። በገዛ ትከሻው እየጎተተ፣ በባዶ ሆዱ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕቃ ስንመርጥ መለካት ያለብን የምኞታችንን ስፋት ሳይሆን የሚጎትተውን ጉልበት መሆኑን ነው።