የጃርት ምስማርና የኤሊ ቅል

ይህን ተረት የሰማሁት አያቴ ሲነግሩን ነው፤ ምናልባት አሳስቼ ይዤው ይሆናል። ምስማሩን በየእንስሳው አንገት ያሰረው ጃርት ይሁን ሌላ አውሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ኤሊዋ ግን ኤሊ ናት።

ተራሮች ገና ቦታቸውን ሳይመርጡ፣ ደመና ዝቅ ብሎ ሳር ላይ በሚተኛበት ዘመን፣ በአንድ አገር እንስሳት ሁሉ ቤት መሥራት ያዙ። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ጠዋት ሲነሡ ትናንት ያልነበረ ግድግዳ ጤዛ ለብሶ ቆሞ ያገኙታል።

በኮረብታው ላይ ጃርት የብረት ማቅለጫ ምድጃ ተከለ። ጀርባው ራሱ የምስማር ደን ስለሚመስል ሁሉም አመነው።

«አንድ ቁና ዘር ላመጣልኝ አንድ ምስማር አንገቱ ላይ አስርለታለሁ» አለ። «ያሰረ ሁሉ ከምድጃዬ ድርሻ አለው፤ በየገበያው ቀን ምስማሩ ምስማር ይወልድለታል። አገር እየተሠራ ነው፤ አገር ብረት ይበላል!»

ጅብ አሰረ። ዝንጀሮ አሰረ። ጦጣማ ሦስት አሰረች። አገሩ ሲሄድም ሲተኛም እንደ ጸናጽል ይንሿሿ ጀመር።

ኤሊ ለክረምት የምትዘራት አንዲት ቅል ሙሉ ዘር ነበረቻት፤ ከዚያች ሌላ የላትም። ያን ድምፅ ስትሰማ የሷም ልብ ሸፈተ። ቅሏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ኮረብታው ተነሣች።

መንገድ ላይ ጅብን ትልቅ ቤት ሲሠራ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ይህን የሚያህል ቤት ማን ይገባበታል?»

«ምን ማን አለው! ምስማሬን ነዋ የማስቀምጥበት። እየወለደ መተኛ አሳጣኝ እኮ።»

እልፍ ስትል ጦጣን አገኘች።

«እሜቴ ጦጣ፣ ያንቺስ ቤት ማን ይገባበታል?»

«ሦስቱም ቤቶቼ የምስማር ናቸው። እኔማ የምተኛው ዛፍ ላይ ነው። ይልቅ እንዲህ ስታዘግሚ ድርሻው አልቆ እንዳይጠብቅሽ!»

ኤሊ እያዘገመች ምድጃው ዘንድ ደረሰች።

«ዘገየሽ፣ እሜቴ ኤሊ! ቅሏን ወዲህ በያት» አለ ጃርት።

«ቆይ እስቲ፣ አያ ጃርት። ይህ ሁሉ ምስማር ምን ሊሆን ነው?»

«ቤት ሊሠራበት ነዋ!»

«ቤቱስ ለማን ነው?»

«ለምስማሩ» አለ ጃርት፣ ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሱት ሁሉ።

ኤሊ ቅሏን ይዛ ተመለሰች። «ቤቷን ተሸክማ የምትዞር ድሃ!» እያሉ እንስሳቱ እስከ ሜዳው ድረስ ሳቁባት።

ክረምቱ ሲቃረብ ቤቶቹ ሁሉ ምስማር ሞሉ። ሁሉም ምስማሩን በእህል ሊለውጥ አደባባይ ወጣ፤ ሻጭ ብቻ ሆነ፣ ገዢ ጠፋ። ጃርትም የሰበሰበውን ዘር ለከሰል አክሳዮች ከፍሎ ጨርሶት ነበር። ምድጃው በረደ። ዝናቡ መጣ፤ ምስማሩ ዛገ፤ ሜዳው ላይ ቀይ ውኃ ቀስ እያለ ፈሰሰ። ያን ዓመት የዘራች ኤሊ ብቻ ናት።

አዝመራዋ ሲደርስ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ከፊት ጃርት ነበር።

«እሜቴ ኤሊ፣ አንድ እፍኝ ዘር...»

«ዘሩንስ ለሁላችሁም እሰጣለሁ» አለች። «ግን በምን ታርሱታላችሁ? በል፣ ምድጃህን አንድድና የሞላውን ምስማር ሁሉ ማረሻ አድርገው።»

ጃርት ቀጠቀጠ፤ እስኪነጋ ቀጠቀጠ፤ ደግሞ እስኪመሽ። ለያንዳንዱ አንድ ማረሻ ሲደርሰው አገሩ መንሿሿቱን ተወ።

ለዚህ ነው ሽማግሌዎች «ነዋሪ የሌለው ቤት፣ ምስማር ይበላል እንጂ እንጀራ አያበላም» የሚሉት።

ኋላ አድጌ አንድ ነገር አረጋግጫለሁ። ወንዝ ዳር ያገኘኋትን ኤሊ አንሥቼ ዙሪያዋን ተመለከትኩ። ቤቷ ላይ አንድም ምስማር የለም፤ ነዋሪ ግን አለው።