ሽሮው ፀሐይ ላይ ቀረ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ እኛ ሰፈር ላም የለም። «የምሳ ሰዓት» በሉኝና ልቀጥል።

አስካለ የምትባል ሽሮ ሻጭ ነበረች። የሰማያዊ ሚኒባሷን ወንበር አስነቅላ፣ ምድጃ አስገብታ፣ መስኮቱን አስፍታ፣ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር እያቆመች ለሕንፃ ሠራተኞች ምሳ ትሸጥ ነበር። በዚያ ሰፈር የምግብ መኪኖች ቦታ የሚይዙት በድንጋይ ነው። ማለዳ ድንጋይ የተቀመጠበት ቦታ ባለቤት አለው፤ ድንጋይ የሌለበት ላይ ግን የቀደመ ይቆማል። ከዝግባው ሥር ሁልጊዜ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረ። ሰሞኑን ግን አስካለ ስትመጣ ድንጋዩ የለም። ጥላው ውስጥ የዘርፌ ቢጫ የበያይነት መኪና ተንፈላሳ ቆማለች።

አስካለ ከመንገዱ ማዶ፣ ፀሐይ ላይ ቆመች። የምሳዋን ዋጋ ካርቶን ላይ ጽፋ ሰቀለች። ዘርፌ አየችና ከእሷ አምስት ብር ቀንሳ ሰቀለች። አስካለ ቀነሰች፤ ዘርፌም ቀነሰች። አስካለ እንደገና ቀነሰች፤ ግን ለአምስት ብር ብሎ አናቱን በፀሐይ የሚያስመታ ማን አለ? የገዛ ደንበኞቿ ጥላው ውስጥ ተደርድረው የዘርፌን ወጥ ከጣታቸው ሲልሱ እያየች አንጀቷ አረረ። ትናንት ድስቷ እንደሞላ ወደ ቤት ተመለሰ። ዛሬም እንደሞላ ከተመለሰ ሚኒባሷን ልትሸጥ ለደላላ ነግራለች፤ ማታ ሊያያት ይመጣል። የፈለገችው ያቺን ጥላ ብቻ ነበር።

ሠራተኞቹ ለምሳ ሳይወጡ ጭልፋዋን እንደያዘች መንገዱን ተሻገረች።

«ዘርፌ፣ ከጥላዬ ተነሽልኝ!»

«አስካልዬ፣ ወዴት ልነሳ? የባንኩን በር ምትኩ ወሰደብኝ። ቀንቶብኝ ነው! እሱ ካልተነሳ አልነሳም።»

በያይነቱ ከዝግባው አልነሳም አለ፤ ሽሮው ፀሐይ ላይ ቀረ።

አስካለ ወደ ባንኩ በር ሄደች። ዘርፌም የምትኩን ዓይን ማየት ፈልጋ ማማሰያዋን ይዛ ተከተለቻት። ምትኩ ባጃጁን ጭማቂ ቤት ያደረገ ቀጭን ሰው ነው።

«ምትኩ፣ ከባንኩ በር ተነሳ፤ ዘርፌ ከጥላዬ ትነሳልኝ!»

«እትዬ አስካለ፣ እዚህ የቆምኩት ወድጄ ይመስልዎታል? አደባባዩን ሙዲን ወሰደብኝ። ቀንቶብኝ ነው! እሱ ካልተነሳ አልነሳም።»

ጭማቂው ከባንኩ በር አልነሳም አለ፤ በያይነቱ ከዝግባው አልነሳም አለ፤ ሽሮው ፀሐይ ላይ ቀረ።

ወደ አደባባዩ ሄዱ፤ ምትኩም ማንጎ በእጁ እንደያዘ ከኋላ። ሙዲን በነጭ መኪናው ውስጥ ሩዝ በሥጋ እያማሰለ ነበር።

«ሙዲን፣ ከአደባባዩ ተነሳ፤ ምትኩ ከባንኩ በር ይነሳ፤ ዘርፌ ከጥላዬ ትነሳልኝ!»

«አስካለ እህቴ፣ የእኔ ቦታ ታክሲ ተራው ነው። እዚያ ደግሞ ጋሽ ወንዳፍራሽ የዳቦ መኪናቸውን አቁመውበታል። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ይነሱ ልበል? ወላሂ አፌ አይደፍርም። ምን አድርጌ እንደቀኑብኝ እንጃ! እሳቸው ካልተነሱ ግን አልነሳም።»

ሩዙ ከአደባባዩ አልነሳም አለ፤ ጭማቂው ከባንኩ በር አልነሳም አለ፤ በያይነቱ ከዝግባው አልነሳም አለ፤ ሽሮው ፀሐይ ላይ ቀረ።

የጋሽ ወንዳፍራሽ ስም ሲነሳ አስካለ ወደ ኋላ ቀረት አለች። ለምን በሉኝ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ድሮ የሚቆሙት ከእሷው ጎን፣ ከዝግባው ግንድ ወዲያ ነበር። ሠራተኛው ሽሮውን ከእሷ፣ ዳቦውን ከእሳቸው ገዝቶ አንድ ላይ ይበላል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አስካለ ትሪዋን መስኮቱ ላይ አድርጋ «እንብላ!» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ዳቦ ቆርሰው ይመጣሉ። አንድ ቀን ታዲያ አንዱ ግንበኛ «ይህን ሽሮ የሚያጣፍጠው ዳቦው ነው» ብሎ ተናገረ። አስካለ ሰማች፤ ቅናቱም ያኔውኑ ገባ። ከዚያ በኋላ መስኮቷን ዘግታ ብቻዋን ትበላ ጀመር። ሽማግሌው አንድ ጠዋት ሲቀሩ «እሰየው!» ብላ ነበር፣ ይቺ ጉደኛ።

ሙዲንንም አስከትለው ታክሲ ተራው ደረሱ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ከመኪናቸው ኋላ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ ይበላሉ። አስካለ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ከታክሲ ተራው ይነሱ፤ ሙዲን ከአደባባዩ ይነሳ፤ ምትኩ ከባንኩ በር ይነሳ፤ ዘርፌ ከጥላዬ ትነሳልኝ!»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «መጀመሪያ እንብላ» አሉ።

«ይብሉ፣ ይብሉ» አሉ ሦስቱ። አስካለ ግን ጭልፋዋን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ወዴት ልነሳ፣ ልጄ? መስኮቱን ዘጋሽብኝ። አጥፍቼ እንደሆነ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ዝም አልሽ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ይህን ከማይ ብዬ ሄድኩ።»

«ድንጋዬንስ ማን ወሰደው?»

«ድንጋይሽን? ማታ ማታ የሕንፃው መኪኖች ሲገቡ ዘበኛው ቦይ ውስጥ ይጥለዋል። ጠዋት ጠዋት አውጥቼ የማስቀምጥልሽ እኔ ነበርኩ። አንቺ ሽሮሽን ስታቁላዪ ትዘገያለሽ ብዬ።»

ዘርፌ ምትኩን አየች፤ ምትኩ ሙዲንን አየ። ለካስ ማንም በማንም አልቀናም፤ ቦታው ተይዞ ሲያገኘው ነው ሁሉም ወደሚቀጥለው የሄደው። ከመካከላቸው የቀናችው ጭልፋ የያዘችዋ ብቻ ነበረች። አስካለም ይህን አወቀች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«የቀናሁብዎት እኔ ነኝ» አለች። «በዳቦዎ ቀናሁ። ሲመሰገን መስማት አቃተኝ።»

«በዳቦ?» ሽማግሌው ሳቁ። «ምቀኛ አታሳጣኝ እያልኩ ስጸልይ ለካ ጎረቤቴ ነሽ! ነይ ቅመሽ እንግዲህ።»

ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። አኘከች። ዳቦው ጣፋጭ ነው፤ እሱ ነው የባሰው! እንባዋ መጣ።

«መስኮቱ ክፍት ይሆናል?» አሉ።

«ክፍት ይሆናል። ትሪውም ይወጣል። ብቻ ይምጡልኝ።»

«እንግዲያው ተነሳሁ።»

ዳቦው ከታክሲ ተራው ተነሳ፤ ሩዙ ከአደባባዩ ተነሳ፤ ጭማቂው ከባንኩ በር ተነሳ፤ በያይነቱ ከዝግባው ተነሳ፤ ሽሮው ጥላ ውስጥ ገባ!

የካርቶኑም ዋጋ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ሌላ አምስት ብር ብቀንስ ኖሮ እኔው ከፍዬ ላበላ ነበር» አለች ዘርፌ፣ ካርቶኗን እየገለበጠች። ሠራተኞቹ ወጡ፤ ዝግባው ሥር ሰው ተተራመሰ፤ ድስቱ እስኪፋቅ ተበላ። ደላላው ሲደውል አስካለ «ተሳስተሃል ወንድሜ፣ የሚሸጠው ሽሮ ነው» ብላ ዘጋችበት።

ገበያው ሲቀዘቅዝ ትሪዋን መስኮቱ ላይ አወጣች። «እንብላ!» አለች። ጋሽ ወንዳፍራሽ ዳቧቸውን ቆርሰው መጡ። ይኼኔ ያ ግንበኛ የመጨረሻዋን ቁራሽ አጥቅሶ ጎረሰና «ሽሮው ዛሬ ጣፈጠ» አለ። «ዳቦው ነው መሰለኝ!»

የአስካለ እጅ ሳታዘው ወደ መስኮቱ ሄደ። ሽማግሌው ማኘካቸውን አቆሙ። አስካለ መስኮቱን ያዘች፤ ከዚያ እስከ ጥግ ድረስ ገፍታ ከፈተችው።

«አዎ» አለች ጥርሷን ነክሳ፤ «ዳቦው ነው።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በሽሮ አብሱ። ዳቦ ከጨመራችሁበት ግን አስካለ እንዳትሰማ።