የገራዱ አዲስ ቁና

ሸህ ቡሽራ እስከ ጁምዓ ለምን ጠበቁ? ታሪካቸውን በልጅነቴ ከአክስቴ ከሰማሁ ጀምሮ ይህ ጥያቄ ከእኔ ጋር አድጓል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ ዋጋ ብዙ አነበብኩ፤ ለዚህ ግን መልስ አላገኘሁም።

ሸህ ቡሽራ ስሟ ባልደረሰን አንዲት አሮጌ የንግድ ከተማ ይኖሩ የነበሩ ዓሊም ናቸው። ጠዋት ልጆችን ቁርኣን ያቀራሉ፤ ከዙህር ሶላት በኋላ እህል ተራ ይቀመጣሉ። ነጋዴው የሚሰፍርበትን ቁና ሁሉ በመስጊዱ ከሚጠበቀው አሮጌ የእንጨት ቁና ጋር አስተያይተው፣ ልክ ሆኖ ሲያገኙት በጋለ ብረት ምልክት ያደርጉበታል። ለዚህ ሥራቸው የሚሰጣቸው ጥቂት ማሽላ ነበር፤ የሚኖሩትም በእርሱ ነው።

የከተማይቱን ገዢ ገራድ ይሉታል። የሚመርጡት ነጋዴዎችና የየሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ገራድ ዘይኑ ለሁለተኛ ጊዜ በተመረጠ ማግስት አደባባይ ወጥቶ ምን ምን እንደሚያስቀድም ተናገረ። የተጀመረው ቅጥር ያልቃል፤ የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ይጠረጋል፤ ከሁሉም በፊት ግን በእርሱ ዘመን የማሽላ ዋጋ አይጨምርም። ሕዝቡ በተክቢራ ተቀበለው። ዝናቡ ሁለት ክረምት አከታትሎ ጠፍቶ ነበር። የከተማው ጎተራም ቅጥሩን ለሚገነቡ ሰዎች ቀለብ ሲወጣበት ከርሞ ሊራቆት ተቃርቧል። ይህን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

ወራት አለፉ። አንድ ማክሰኞ ገራዱ ሸሁን አስጠራቸው። ከፊቱ አዲስ ቁና ተቀምጧል።

«አባቴ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ምልክትዎን ያድርጉባት» አላቸው።

ሸሁ ቁናዋን አገላበጡ፤ እጃቸውንም ወደ ውስጥ ሰደዱ።

«ታችዋ ወፍሯል።»

«እንድትጠነክር ነው» አለና ሳቀ። «በዚህ ዓመት እንጨቱ እንኳ ይወፍር እንጂ!»

«ጎደሎ ናት፣ ገራድ።»

ሳቁን ተወ። «እህል የለም አባቴ። እውነቱን ብናገር ያለው ሰው ይደብቀዋል፤ የሌለው ይጋፋል፤ ደም ይፈሳል። ሰው ገበያ ሲወጣ የሚጠይቀው ስንት ነው ብሎ ነው። ውስጡን ማን ይለካል?»

«ኢስቲኻራ ልስገድበት፤ አላህ የሚሻለውን ያመልክተኝ።»

«ይስገዱ። በእኔ ጎተራ በር ግን በእርሷ መሰፈር ከተጀመረ ሰንብቷል። አሁን የቀረው የእርስዎ ምልክት ብቻ ነው።»

በማግስቱ ረቡዕ ዘሃራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ ልጇን ነጃትን እየጎተተች ወደ ሸሁ መጣች። የልጅቱ ጉንጭ አብጧል።

«ሸህ፣ ቁርኣን ይቅሩባት። ሸይጣን ገብቶባታል። እህል ትሰርቃለች።»

«ስትሰርቅ አየሻት?»

«ምኑን አየዋለሁ! ከገራዱ ጎተራ የምገዛው አንድ ቁና ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ያደርሰን ነበር። ይኸው ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እቃው ባዶ ነው። እኔ አልበላሁት፤ ሕፃናቱ አይደርሱበትም። ሌላ ማን አለ?»

«ወላሂ አልበላሁም» አለች ነጃት።

«ዝም በይ! ጭራሽ በአላህ ስም ትዋሻለሽ?»

ሸሁ ሌባው ማን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ገባቸው። ነገር ግን «አትምቺያት፤ አላህ እስኪገልጠው ታገሺ» ብቻ ብለው አሰናበቷት። ጁምዓ ቅርብ ነው። ያን ቀን በጀመዓው ሁሉ ፊት ቢናገሩት ገራዱ ሊክደው አይችልም ብለው አሰቡ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሲራራ ከከተማይቱ ይወጣ ነበር። ዘሃራ ልጅዋን ለአንድ የሩቅ አገር ነጋዴ ሚስት ለገረድነት ሰጠቻት። ነጃት እየዞረች እያየች ሄደች። «ሌባ ይዤ የቀሩትን አላስርብም» አለች ዘሃራ፣ ለጎረቤቶችዋ።

ጁምዓ ደረሰ። ከሶላቱ በኋላ ሸሁ የመስጊዱን አሮጌ ቁናና የገራዱን አዲስ ቁና አስመጡ። አሮጌውን በማሽላ ሞልተው ወደ አዲሱ ገለበጡት። ማሽላው ከአፉ ሞልቶ ሰሌኑ ላይ ፈሰሰ።

«ይህ የፈሰሰው የልጆቻችሁ ነው» አሉ። «አዲሱ ቁና ጎደሎ ነው፤ ምልክት አላደርግበትም።»

ወዲያው ከሴቶቹ ወገን አንድ ጩኸት ተሰማ። ዘሃራ በባዶ እግሯ ወጥታ ወደ ሲራራው መንገድ ሮጠች። ሰዎች ማታ ከወንዙ ማዶ አግኝተው መለሷት። ነጃትን ከዚያ ወዲያ ያየ የለም።

ገራዱ ሸሁን አላሰራቸውም። «የሸሁ ቃል ይፈጸም» ብሎ አሮጌውን ቁና መለሰ፤ ዋጋውንም እንደልቡ እንዲጨምር ለቀቀው። ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ዋጋውን ሲሰማ ባዶ ከረጢቱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሸሁ ደጅ ሄደ።

«ሸህ፣ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ባለፈው ሳምንት አንድ ቁና እንገዛ ነበር!»

«ባለፈው ሳምንትም አንድ ቁና አልገዛችሁም።»

«ስሙ ይበቃን ነበር!»

«እውነትዎን ፈጭተን እንጋግረው እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ። የሳቀም ነበር።

የምልክቱ ብረት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከሸሁ ቂርኣት አስወጡ። ዘሃራ ግን አንድ ቀን መጥታ ከደጃቸው ቆመች።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ረቡዕ።»

«ረቡዕ ልጄ እጄ ላይ ነበረች» አለችና ሄደች።

ሸሁ በዚያው ዓመት ታመው ሞቱ። ጀናዛቸውን የሸኘው ሰው ጥቂት ነበር። ከመሞታቸው በፊት አጠገባቸው ለቀሩት ደረሶች፣ ለተማሪዎቻቸው፣ ይህን ተናገሩ፦ «ቁና ሲጎድል ሌባው ቤት ውስጥ ይፈለጋል። ያወቀ ሰው ጁምዓን አይጠብቅ።»

ይህን ታሪክ በመስጊድ የሚናገሩ ብዙዎች ማሽላው ሰሌኑ ላይ ሲፈስ ያቆማሉ። እዚያ ላይ ሲያበቃ ያማረ ነው። ለእኔ ግን ክብደቱ ከዚያ በኋላ ነው። ገራዱ ረሃቡን አላስቀረም፤ ከገበያ አንስቶ ማንም ወደማያየው ቦታ፣ በእናትና በልጅ መካከል አስገባው። ገበያ ላይ ቢቀር ኖሮ ሰዎች ቢያንስ አብረው ይቆጡበት ነበር። ባነበብኳቸው የኢኮኖሚ መጻሕፍት ውስጥ ዘሃራ ልጅዋን የመታችበት እጅ በየትኛው ስሌት እንደሚገባ አላገኘሁም።

ሸሁ የጠበቁት ፈርተው ነው እል ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። የጠበቁት እውነቱን በሚገባው ክብር፣ በትክክለኛው ቀን፣ በትክክለኛው ቦታ ለመናገር ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ እኔም እንዲሁ ነኝና። አንድ ነገር ከመናገሬ በፊት ጽፌ፣ አርሜ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ።

የምሠራው በሰፈራችን የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ነው። ሊቀመንበሩ በቅርቡ ዳግመኛ ተመርጧል፤ የዳቦ ዋጋ አይጨምርም ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ አልጨመረምም። እኔ ግን ዳቦውን መዝኜዋለሁ። የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ በወሩ መጨረሻ ነው፤ እዚያ ልናገር ብዬ ንግግር ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ትቼዋለሁ። ነገ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ሚዛኑን አውጥቼ ከሰልፉ ፊት አስቀምጣለሁ፤ ዳቦውንም ሰው እያየ እመዝነዋለሁ።