ሣርና ሲሚንቶ

ተረት ተረት! «የመሠረት» ካላችሁኝ ልቀጥል።

ቻለው የሚባል ጨዋ ውሻ ነበረ። እመቤቱ እትዬ ደብሪቱ ጠበል ሲሄዱ፣ ውሻ በአደራ የሚጠብቅ ቤት ሰጥተውት ከረሙ። ለበዓል ሲመልሱት ግን ሆዱ ተበጥብጦ እየጮኸ ጓሮውን ይዞራል፤ ሣሩን ያሸታል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ደንግጦ ይነሳል።

«ምን ያቁነጠንጥሃል? ሣሩ ያው የድሮው ሣርህ ነው፤ አትገላገልም?» አለችው በጽዳቷ የምትኮራው ድመት፣ አመዷን እየጫረች።

«እዚያ ቤት መሬቱ ሁሉ ሲሚንቶ ነው። ሣር ስፈልግ ገረፉኝ፤ ሲሚንቶው ላይ ስቀመጥ ‹እሰይ› አሉኝ። አሁን ሣሩ ላይ ጅራፉ ይታየኛል፤ ሲሚንቶው ላይ ደግሞ የእትዬ ቁጣ» አላት።

ሆዱ እንደገና ሲጮህ እየሮጠ ሳሎን ገባ። እትዬ ለእንግዶቻቸው ሲሚንቶውን አጥበው፣ ለምለም ቄጤማ ጎዝጉዘውበት ነበር። ቻለው ከታች ሲሚንቶ፣ ከላይ ሣር ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እናቴ እትዬ! ለካ ጭንቀቴን አውቀውልኛል!» አለና መሃል ሳሎን ተገላገለ።

ከዚያም ጅራቱን እየቆላ በሩ ላይ ቁጭ አለ፤ እትዬ እንግዶቹን አስከትለው ሲመጡ «እሰይ» እንዲሉት።

ተረቴን መልሱ፤ ስትገቡም እግራችሁን አይታችሁ ርገጡ።